አሜን እስኪባል የሚሰምጥ መንጠቆ

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቦቲ ጫማዬን ለመጫማት ከቦርጬ ጋር እታገላለሁ። ሚስቴ የወጥ ማማሰያ እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። «ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ ዓሣ ላጠምድ ብለህ ትወጣለህ፣ ጉንፋን አጥምደህ ትመለሳለህ። ዛሬም ባዶ እጅህን ከመጣህ ያ ዘንግ አሮጌ ዕቃ ለሚለገስበት ቻሪቲ ሾፕ ነው። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ግንባሬን እየመታኝ ሰለቸኝ።»

«ነገ የፍስክ ገበታሽ ላይ ዓሣ ይኖራል» አልኳት፤ እንደ ሚኒስትር ደረቴን ነፍቼ።

«መኖሩማ ይኖራል። ገዝቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫለሁ።»

ይቺ ናት እንግዲህ የዕድሜ ልክ አጋሬ! የሚያናድደው ደግሞ እውነቷን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያጠመድኩት ትልቁ ነገር የራሴ ኮፍያ ነበር። ቢሆንም ዘንጉ ከሄደ ማክሰኞዬ አብራው መሄዷ ነው። ለጡረተኛ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ለእኔ ስም ያላት ማክሰኞ ብቻ ናት፤ ከጓደኛዬ ጋር ጀልባ ላይ የምንቀመጥባት።

ጓደኛዬ ሰቨን ሲስተርስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይጠብቀኛል። ለስደት እንግሊዝ አገር የመጣን ጊዜ ቶተንሃም ውስጥ አንድ ክፍል ተካፍለን ኖረናል። በኋላ እሱ ጴንጤ ሆነ፤ እኔ በአርባ ቀኔ እንደተጠመቅኩ ቀረሁ። ስንከራከር አረጀን እንጂ አንዳችን አንዳችንን አላሳመንንም። አሁን ክርክሩን ትተን መተራረቡን ይዘነዋል።

ከቶተንሃም አለፍ ብሎ የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ሐይቅ አለ። ትራውት የሚሉትን ዓሣ ይለቁበታል፤ ፐርሚት ያለው ሰው ጀልባ ቡክ አድርጎ ያጠምዳል። ትራውት ቅዝቃዜ ይወዳል። ሰመር ላይ፣ የላዩ ውሃ ሲሞቅ፣ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መንጠቆዋን በላባ ሸፍነው ዝንብ ያስመስሏትና በሚሰምጥ ክር ወደ ጥልቁ ይልኳታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ከቸኮሉ ዝንቧ ዓሣው ዘንድ አትደርስም፤ ከዘገዩ ጭቃ ውስጥ ትቀራለች።

ጀልባ የሚያከራየው እንግሊዛዊ «ክሩን ከጣልክ በኋላ ቁጥር ቁጠር» ብሎ አስተምሮኝ ነበር። እኔ ግን መቁጠር ስጀምር ሐሳቤ ወደ ምሳ ይሄድብኛል። ስለዚህ በቁጥሩ ፋንታ አባታችን ሆይን እደግማለሁ፤ አሜን ስል እጎትታለሁ። ጓደኛዬም ነገሩን ወደደውና እሱም በራሱ መንገድ ይጸልያል።

የዚያን ዕለት ፀሐዩ ከባድ ነበር። መሀል ሐይቁ ላይ እንደደረስን ጓደኛዬ ሳንድዊቹን ፈታ።

«ዶሮ ነው» አለኝ፤ ሳልጠይቀው።

«ጾመኛ ፊት እንዲህ ማድረግ በእናንተ ኃጢአት አይደለም?»

«በጸጋ ነው የዳንነው ወንድሜ» አለና ከጢሙ ላይ ማዮኔዙን ጠረገ።

ክሬን ወረወርኩ። አባታችን ሆይ፣ አሜን፣ ሳብ። ምንም። አባታችን ሆይ፣ አሜን፣ ሳብ። አሁንም ምንም። እሱ ግን ክሩን ጥሎ ዓይኑን ጨፈነና «ጌታ ሆይ» ብሎ ጀመረ። ለንጉሡ ጸለየ። ለልጅ ልጆቹ ፈተና ጸለየ። ላመጣን የአውቶቡስ ሾፌር ጸለየ። «ይህን ግትር ወንድሜንም አስበው» ሲል ዘንጉ ታጠፈ። ብር የመሰለ ትራውት! ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውን ደገመ።

«እምነት ነው» አለኝ።

«ዶሮው ነው» አልኩት። ቅናቴ ከረሃቤ በልጦ ነበር።

እንደገና ስወረውር ግን ዓይኑን ከክሬ ላይ አልነቀለም። «እስቲ ጸሎትህን ድምፅህን አውጥተህ በለው» አለኝ። አልኩለት። ሳቁ ጀልባውን አነቃነቀው።

«ይሄ ጸሎት ነው ወይስ የታክሲ ረዳት ጥሪ? አንተ አሜን ስትል እኮ ዝንብህ ገና መንገድ ላይ ናት!»

ቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ወደ ጨዋታ ይወጣ ነበር። ሰባን አልፌም ዛሬ የምጸልየው ወደ ጨዋታ እንደሚወጣ ልጅ ነው።

ሰዓታችን አልቆ እንግሊዛዊው ከዳር ሆኖ እጁን ያወዛውዝልን ጀመር። አንድ ውርወራ ብቻ ቀረኝ። ክሩን ጥዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ ቃሉን አንድ በአንድ። በሕይወቴ ሙሉ የደገምኩት ጸሎት አዲስ ሆነብኝ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ላይ ስደርስ ሆዴ ራሱ አሜን አለ። መጨረሻው ላይ ደርሼ ልስብ ስል ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ።

«ገና ነው! አትጎትት!»

«ጨርሻለሁ እኮ!»

«ያቺን የማርያሟን ጨምርባት!»

«ምን አልክ?»

«ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የምትሏትን! ቶሎ በል! አይ፣ ቀስ በል!»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከጴንጤ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሆይ» ብዬ ቀጠልኩ፤ ያለ ጥድፊያ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ሳብኩ። ታችኛው ዓለም መልሶ ሳበኝ።

ብድግ አልኩ። ጀልባው ተንገዳገደ።

«ተቀመጥ አንተ ሽማግሌ! ውሃ ውስጥ ልትነክረን ነው?»

«እናንተ ተነክራችሁ መጠመቅ ትወዱ የለ!»

ክሩ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ወሰደኝ። በመጨረሻ ዓሣው ጎኑን አሳየን፤ ጓደኛዬ መረቡን ከሥሩ አስገብቶ አወጣው። ከእሱ ዓሦች ያንሳል። ግን የእኔ ነው።

ቤት ስገባ ዓሣውን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሚስቴ ዓሣውን አየች፤ እኔን አየች፤ ስልኳን አነሳችና ስፒከር ላይ አድርጋ ጓደኛዬ ዘንድ ደወለች።

«ወንድሜ፣ አንተ አትዋሽም። ይህን ዓሣ የያዘው ማን ነው?»

መረቡን የያዘው እሱ ነበርና ምን ሊል ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ማክሰኞዬ በሙሉ ምላሱ ላይ ተንጠልጥላለች።

«እሱ ነው እህቴ» አለ። «በራሱ ዘንግ፣ በራሱ ጸሎት። ብቻ አደራሽን፣ የማርያሟን ጨምር ያልኩት እኔ መሆኔን የእኛ ቸርች ሰዎች እንዳይሰሙ።»

እኔ ነገሩን ሳስረዳት ወንበር ፈልጋ እስክትቀመጥ ሳቀች። ዓይኗን በመዳፏ ጠራርጋ ስታበቃ «እሺ፣ ዘንግህ ይቀመጥ፤ ማክሰኞህም ያንተው ናት» አለችኝ። ምርቃት የተቀበልኩ ያህል ቆሜ ስኩራራ ቢላዋ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«አጥማጅ ያጠመደውን ራሱ ያጸዳል።»

ይሄን ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር። ዓሣው በአንድ ዓይኑ ያየኛል፤ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ቢላዋውን አገላበጥኩት።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አልኳት።

«ሸሚዝህን ከማዳን» አለችና ሽርጧን ፈትታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።