ጀርባውን የሰጠው አጫጅ

አንሴልም በአጨዳው መሀል ሞተ። ሚስቱ ዜሊ አላለቀሰችም። በቀብሩ ማግስት ነዶ ልታስር ማሳ ወረደች፤ የደረሰ ስንዴ ሐዘን ላይ ነኝ ቢሉት አይሰማማ። የመንደሯ የሻንብሮ ሰው ግን ሥራ የፈታ ይመስል ያማት ጀመር፤ ልቧ ድንጋይ ነው አለ። እሷስ ልቧን ብትፈልገው መች አገኘችው? ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል።

የቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሾርባዋን ስትጠጣ ቀና ብላ ባዶውን ወንበር ታያለች፤ የአንሴልም ፊት አይመጣላትም። ፎቶግራፍ ደግሞ አልነበረውም፤ እሱ የከተሜ ነገር ነው።

"ስሚ እንጂ፣" አለቻት ጎረቤቷ ክሎቲልድ፣ "ያ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር የከረመው ሠዓሊ አንሴልምን ሥዕሉ ውስጥ አስገብቶታል አሉ። ሄደሽ አታይውም?"

"ነዶው ይለቅና።"

"ነዶው እግር የለው! ባልሽ እኮ ነው፣ አንቺ ግትር።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠዓሊው ካረፈበት ቤት ሄደች። የእንጨት ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች። ሠዓሊው ሙሴ ቫሮክ ሸራውን ወደ መስኮቱ አዞረላት። አብዛኛው ሰማይ ነው። ከሥሩ ስንዴ፣ በስንዴው መሀል አውራ ጣት የምታክል ሰማያዊ ሸሚዝ፤ ረጅም ማጭድ የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ያጭዳል።

"እሱ ነው፣" አለች ዜሊ። "ግራ ትከሻው ዘንበል ይላል። መጀመሪያ የሚያልበው እዚህ ትከሻው ሥር ነው። ሲደክመው ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ ግን አይናገርም።"

ሠዓሊው አዘነላት። "ፊቱን ወደ እኛ ላዞርልዎ እችላለሁ፣ እሜቴ። እርስዎ ብቻ ይንገሩኝ። ዓይኑ ምን ዓይነት ነበር?"

ዜሊ ሸራው ላይ ባለው ጀርባ ላይ አፈጠጠች። እንደ ማንኛውም የመንደሩ ባልና ሚስት እሱ እያጨደ ይቀድማል፣ እሷ ነዶ እያሰረች ትከተላለች፤ ከሠርጋቸው ወዲህ ያለው አጨዳ ሁሉ እንዲሁ አለፈ። ማታ ደግሞ ሁለቱም ሳህናቸው ላይ ያቀረቅሩ ነበር።

"ቡናማ ነበር? ወይስ ሰማያዊ?"

አፈረች። ከሞተ ወዲህ የተሰማት ነገር ይኸው እፍረት ብቻ ነው።

ሙሴ ቫሮክ ብሩሹን አንስቶ ጠበቃት።

"ተዉት፣ ሙሴ፣ አያዙሩት፣" አለችው። "ቢዞር አላውቀውም።"