«በልተዋል?» ብሎ የሚጠይቀው አፕ

እኔ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። ሌላው ሰው የፖስታ ሳጥኑን ዝም ብሎ ይከፍታል፤ እኔ መጀመሪያ አማትባለሁ። ስለዚህ እዚህ በስደት የምሠራበትን የዌርሃውስ፣ የመጋዘን ሥራ ሰዓቴን ቀንሼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ኮሌጅ ገብቼ ኮድ መጻፍ ስጀምር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። «ኮምፒውተሩ ቢቆጣሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር አቃጥዬ ይሆን እያልኩ የኮምፒውተሩን ሶኬት እነቅል ነበር።

በመጨረሻው ሴሚስተር መምህራችን ለአካባቢያችሁ ሰው የሚጠቅም ዌብ አፕሊኬሽን ሥሩ አለን። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ወዲያው ይንጫጩ ጀመር። እኔ ግን ገና ሳይጨርስ የታሰቡኝ እትዬ ናቸው።

እትዬ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ከምንኖርበት አፓርትመንት በላይ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ስኳር አለባቸው። ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው ኢንሱሊን ይወጋሉ። አንድ ልጃቸው ከከተማው ማዶ፣ ግሮቭ ሲቲ ስለሚሠራ ሳይነጋ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። እሱም እዚያ ዕቃ እየጫነ፣ እናቴ በልታ ይሆን፣ ረስታው ይሆን እያለ ሲብሰለሰል ይውላል። ደረጃው ላይ ባገኘኝ ቁጥር የሚያወራኝ ይህንኑ ነበር።

አፑ ቀላል ነው። ጠዋት ስልካቸው ይጮህና በትልልቅ ፊደል «በልተዋል?» ይላል። «አዎ» የሚለውን ሲነኩ «እንግዲያው መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ይላቸዋል፤ ልጃቸው ስልክ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። «አልበላሁም» ካሉ ወይም ዝም ካሉ ነጥቧ ቀይ ትሆናለች፤ ስልኩም እየቆየ መልሶ ይጮሃል። ያንን ጩኸት የጨመርኩት ከፍርሃቴ ነው። አንዴ ብቻ ቢጮህና ባይሰሙትስ ብዬ። ሌሎች ስኳር ያለባቸው የሰፈር ሰዎችም ገቡበት። እነሱ እንክብል የሚውጡ፣ ቤታቸው ሰው የማይጠፋ ናቸው። በደንብ መሥራቱን ለማየት ብዬ ራሴንም እንደ በሽተኛ መዘገብኩ።

የእትዬ ልጅ ደስታውን አልቻለውም። «ነፍሴን መለስሽልኝ እኮ! ለዕረፍት ብሬክ ስወጣ ስልኬን ቼክ አደርጋለሁ፤ ግሪን ከሆነ አለቀ፣ ሥራዬን እሠራለሁ» አለኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የነፍስ አባታቸው ለእትዬ አስቀድመው «እርስዎ በሽተኛ ነዎት፤ ከሥጋና ከወተቱ ከታቀቡ ይበቃል፣ ጠዋት ግን ይብሉ» ብለዋቸው ነበር። እትዬም «እሺ አባቴ» አሉ። ለልጃቸውም፣ ለኔም «እሺ» አሉ። እኛም አመንን።

ፕሮጀክቴን ለክፍሉ የማቀርብበት ቀን የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ዋለ። ድምፄ እየሰለለ፣ ላብ ጀርባዬን እያጠበው እንደ ምንም ተናገርኩ። የሰዎቹን ስም ሸፍኜ የዚያን ጠዋት ነጥቦች ብቻ ግድግዳው ላይ አሳየሁ። ሁሉም አረንጓዴ! አንድ ቀይ የለም። መምህሩ «ዋው! ሁሉም በልተው መድኃኒታቸውን ወስደዋል ማለት ነው?» ሲል ክፍሉ አጨበጨበ።

በጭብጨባው መሀል ሆዴ ጮኸ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም፤ ጾም ላይ ነኝ። ከዚያ ዓይኔ የራሴ ነጥብ ላይ አረፈ። እሷም አረንጓዴ ናት። ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር ስልኩ ሲጮህብኝ፣ «ኤጭ፣ ዝም በል!» ብዬ «አዎ»ን ነክቼው ነበር።

ወይኔ!  ማን ይሙት፣ እትዬ በሁዳዴ፣ ያውም ዓርብ ጠዋት ቁርስ ይበላሉ? ከልጅነታቸው ጀምሮ የሁዳዴን ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ቀምሰው የማያውቁት ሴት? አፑን የሠራሁት እኔ ራሴ ጩኸቱን ለማስቆም ከዋሸሁት፣ እሳቸው ምን ያደርጋሉ? ደግሞ እትዬ ታዛዥ ናቸው። ስልኩ መድኃኒትዎን ይውሰዱ ካላቸው ይወጉታል። ኢንሱሊን በባዶ ሆድ ደግሞ ስኳሩን አውርዶ አውርዶ ሰውን ሊገድል ይችላል።

ኮል አደረግኩላቸው። አያነሱም። ደገምኩ። አያነሱም። ልጃቸው ጋም ደወልኩ፤ እሱም ሥራ ላይ ሆኖ አላነሳም። ላፕቶፔን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ሃይዌዩ ላይ መሪውን እንዴት እንደያዝኩት እግዜር ይወቅ። «እመቤቴ፣ በኔ እጅ አታድርጊው» እያልኩ እለፈልፋለሁ። መሀል መንገድ ላይ ልጃቸው መልሶ ደወለ። «ምን ሆነሽ ነው የፈለግሽኝ? አሁን አየሁት እኮ፣ ግሪን ነው።»

«ግሪኑን ተወው! ና ቶሎ!» ብዬ ጮህኩበት።

ትርፍ ቁልፋቸው እኔ ጋ ነው። በሩን ስከፍት እትዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለዋል፤ ነጠላቸው በላብ ርሷል። የተወጉበት መርፌ ጠረጴዛው ላይ አለ። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ነው። ቀና ብለው አዩኝና በሟች እህታቸው ስም ጠሩኝ። 

ለአስቸኳይ እርዳታ 911 ደውዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ያነሳችው ሴትዮ መዋጥ ከቻሉ ጣፋጭ ነገር ስጪያቸው አለችኝ። የብርቱካን ጁስ ቀድቼ ከንፈራቸው ላይ ሳደርሰው አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ስሜን የረሱት ሴት ጾማቸውን አልረሱም!

«በሞቴ እትዬ!»

ፊታቸውን አዞሩ።

«አፈር ስሆን! አንዴ ይጎንጩልኝ!»

«ጾም ነው» አሉኝ፣ ጥርት ባለ አፍ።

ያኔ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል እትዬ። ቅዳሴ ወጥቷል።» ገና ቀትር ነበር። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሲፈልግ ተነስቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩበት።  ከዚያ በዚያ በረዶ በሆነ እጃቸው አማትበው አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ጁሱን እያጠጣሁ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር።

አምቡላንስ መጥቶ ወሰደን፤ ሆስፒታል ልጃቸው የሥራ ቬስቱን እንደለበሰ መጣ። ደህና ናቸው ተብሎ ከተነገረው በኋላም ስልኩን ዘርግቶ «ግሪን ነበር እኮ፤ ተመልከቺ፣ ግሪን ነበር» ይለኛል። አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። አፑን እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ዘጋሁት።

እትዬ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን ሾርባ ይዤላቸው ወጣሁ። ሲበሉ ዓይኔን ከማንኪያቸው ላይ መንቀል አቃተኝ። አሁን ማንም በላሁ ቢለኝ አላምንም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ ልቤ አያርፍም።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ቀዩን ካየ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ልጄ እንዳይሰጋ ብዬ ነው የነካሁት።» ማንኪያውን አስቀመጡ። «ለመሆኑ ያን ቀን እውነት ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ ነበር?»

ሾርባውን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩ።

«አዎ» አልኳቸው።

 «በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ ነበር የምለው» አሉና እጄን ያዙ። የሳቸው እጅ ሞቅ ብሏል።