በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ የቀለጠው ሐይቅ

ድሬዳዋ ውስጥ በረዶ ተሸክሜ ነው ያረጀሁት። ይህን ስል የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። ከበረዶ ፋብሪካው ግንድ የሚያህለውን ቁራጭ በሰጋቱራና በጆንያ ጠቅልዬ፣ ግራ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ለሆቴሉም ለሥጋ ሻጩም አደርሳለሁ። ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ብሎ የቀረው ከዚያ ነው። ቅዝቃዜው ጆሮዬን እንዳያቃጥለው አንገቴን ወደ ቀኝ ሰበር አደርግ ነበር፤ እሱም እንደዚያው ቀረ። ከኋላ ያየኝ ሰው ለምኖ የተከለከለ ይመስለዋል።

ሚስቴ ሱማሌ ነበረች። ልጃችን ጡት ሳትጥል ይዛት ጅቡቲ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ እሷ እዚህ ሆና አትመልስልኝም። ወሬያቸውን የሚያመጣልኝ በባቡሩ ላይ ፍሬን ያዥ የነበረው ወንድሟ ነው። “ሰዲ” ይለኛል፤ በነሱ ቋንቋ የእህት ባል ማለት ነው። እህቱ ጥላኝ ከሄደች በኋላም አልተወውም። ለዚህ ብቻ እወደው ነበር።

አንድ ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መጣና እህቱ ከዒድ በኋላ ባል ልታገባ መሆኑን ነገረኝ። ልጅቷ ደግሞ አባቴ ምን ይመስላል እያለች መጠየቅ ጀምራለች። አዲሱ ሰውዬ ከገባ ያንተ ፎቶ እዚያ ቤት አይገባም፤ ከላክህ አሁን ነው፤ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም። መጻፍም አልችልም ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። ልጄ እኔን የምታውቅበት ነገር ፊቴ ብቻ ነበር።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው አንድ ሽማግሌ አርመን ነበር። ሙሴ እንለዋለን፤ ድሬ ውስጥ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። ዘመድ የለው፣ ሚስት የለው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ደንበኞቹን የሚያቆመው በገዛ እጁ ተራራ በሳለበት ትልቅ ሸራ ፊት ነው፤ ጫፉ ነጭ የሆነ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ። ከሁርሶ የሚመጡ ወታደሮች ላባቸውን እየጠረጉ እዚያ ፊት ይገተሩና ፎቶውን ለእናቶቻቸው ይልካሉ። እናቶቹ ልጆቻችን የት አገር ዘመቱ ይሉ እንደነበር እንጃ።

የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንሣኝ ልለው ሄድኩ። ተራራው ሙሴ በልጅነቱ ተሰዶ የወጣበት አገር ነው። በብርዱ ወራት ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይጠጥርና ሰው በላዩ ይሄድበታል አለኝ። ሙቀት ሲመጣ በረዶው ይሰነጠቃል፣ ድምፁ ሩቅ ይሰማል። ከሱ ጋር ሆኖ ያንን ያየ ሰው በሕይወት የለም። ሳይሞት ያን ፎቶ ማንሣት ፈለገ፤ ተመልሶ እንደማይሄድ ግን ያውቃል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ያለውን የልብስ ማጠቢያ የሲሚንቶ ገንዳ ውኃ ሊሞላ፣ ሸራውን ከኋላው ሊሰቅል፣ የኔን በረዶ ሰባብሮ ሊያንሳፍፍበትና ሲቀልጥ ሊያነሣው አሰበ። በልቤ ዕብደት ነው አልኩ። በአፌ ግን ተስማማሁ፤ እኔ በረዶውን ላመላልስ፣ እሱ ፊቴን ሊያነሣልኝ። የቀረው ፊልም ጥቂት ነበር፤ አዲሱ ከጅቡቲ አልደረሰለትም። የመጨረሻዋ ያንተ ናት አለኝ።

ብርሃኑ የሚለዝበው ከዓሥር ሰዓት በኋላ ነው አለ። ረመዳን ነው እኮ፣ ጾመኛ ነኝ አልኩት። እኔ አልጾምም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረመዳን፣ አመሻሹ ላይ፣ ያለው ሰው በረዶ ገዝቶ ደጁ ላይ ያስቀምጣል። ሰደቃ ነው። የሰፈሩ ሰው ጆጉንና ጣሳውን ይዞ ይመጣል፣ ለማፍጠሪያው ሰብሮ ይወስዳል፣ መርቆ ይሄዳል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁ ነውር ነው። ሙሴ ይህን ያህል ዘመን ድሬ ኖሮ ይህን አያውቅም ነበር። እኔም እንድመላለስ ብሎ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ሲከፍተው አላሰብኩትም፤ ያን ቀን የማስበው ፊቴን ነው።

ሁለቴ አመጣሁ። በመዶሻ ሰባብረን አንሳፈፍነው። እውነቱን ልናገር፣ ሐይቅ መሰለ። የበረዶው ዳር እየሳሳ፣ አንዱ ከአንዱ ሲነካካ ቃ ቃ ይላል፤ ተራራው ውኃው ላይ ወርዷል። ሽማግሌው የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ራሱን ከትቶ በማላውቀው ቋንቋ ብቻውን ያወራል። አነሣ፤ ደግሞ አነሣ፤ አልረካም። አንድ ትልቅ ጨምር አለኝ። ምላሴ ደርቆ ፋብሪካው ሄጄ፣ ተሸክሜ ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቷል።

ሴቶቹ ገንዳውን ከበዋል። መንገድ ዳር ባለው ሱቁ ቅመም የሚሸጠው ነጋዴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ እሱ የገዛው ይመስል በረዶ ያድላል። ሙሴ ሐይቄን ተዉት እያለ ይለምናል። አንዲት አሮጊት “አላህ ይቀበልህ ሙሴ፣ ዕድሜህን ያርዝመው” አለችና ጆጓን ሞላች። ሌሎቹም ተከትለው መረቁት። የሚመርቅህን ሰው ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? ተመልሶ ጨርቁ ውስጥ ገባና አነሣ። እኔ ያን ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼ በረዶውን ከትከሻዬ ላወርድ ጎንበስ ብያለሁ።

“ያቺ የኔዋ ነበረች?” አልኩት።

“ያንተዋ ነበረች” አለኝ። “ሐይቄ ዳር ሰው መጣ። ምን ላድርግ” አለ።

ጠዋት፣ ገና ያልደረቀውን ፎቶ ሰጠኝ። ተራራው አለ። ቀላጩ በረዶ አለ። ነጋዴው ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ ይስቃል፤ መልከ መልካም ሰው ነው። ከዳር አንድ የተጣመመ ጀርባ አለ፤ እኔ ነኝ። ሌላ የምልከው አልነበረኝም። ባለ ጆንያው አባትሽ ነው በላት ብዬ ለፍሬን ያዡ ሰጠሁት።

ሲመለስ ዓይኔን ሸሸ። ልጅቷ ፎቶውን ከእናቷ ደብቃ ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች አለኝ። ደስ አለኝ። የቱን እንዳሳያት ጠየቅኩት።

“ሰዲ፣ ፊት የሌለውን ሰው አባትሽ ነው ልበላት?” አለኝ።

ነጋዴውን አሳይቷታል።

ልመታው ነበር። ግን ከትራሷ ሥር ማን ሄዶ ይነጥቃታል? ቤቴ ገብቼ በመስተዋት ራሴን አየሁና ይሁን አልኩ። ሙሴ ሞተ፤ ሸራውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። ነጋዴው በሱቁ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ይለኛል፤ አልመልስለትም። ምን እንዳደረገኝ ሳያውቅ ኖረ።

ልጅቷ አደገችና አባቷን ልታይ ተነሣች። ባቡር ጣቢያ ሄጄ ጠበቅኳት። አጎቷ ፍሬኑን ሊያስር የኋላው ፉርጎ ላይ ቀርቶ ነበር። እናቷን ቁርጥ ናት፤ ገና ስትወርድ አወቅኳት። የሰዉን ሁሉ ፊት ታያለች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና አለፈ። ደግሞ ተመለሰና ኩሊ መስዬያት ሻንጣዋን ሰጠችኝ። በልምዴ ግራ ትከሻዬ ላይ አደረግኩትና ቀድሜያት ሄድኩ።

ትንሽ እንደሄድን የእግሯ ድምፅ ከኋላዬ ቆመ።

“አዴር” አለችኝ በሱማልኛ፣ አጎቴ እንደማለት፤ የማያውቁትን ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚጠሩት። “ፎቶው ላይ በረዶ የተሸከምከው አንተ ነህ። ጀርባህን አውቀዋለሁ። አባቴ የታለ?”

ሻንጣውን አወረድኩና ዞርኩ።