ከሦስት ቶን ተኩል በላይ

ለሥራ ወደ ፓሎ አልቶ ስሄድ በማልፍበት መንገድ ዳር አርቪዎች፣ አልጋና ምድጃ ያላቸው የቤት መኪናዎች፣ ተደርድረው ቆመዋል። ሰው ይኖርባቸዋል። አንዱ መስኮቱ ላይ የሕፃን ልብስ ያሰጣል፤ ሌላው ጣሪያው ላይ ብስክሌት አስሮ ከዓመት ዓመት ከቦታው አይነቃነቅም። ኪራይ ያባረራቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ እኔ እዚያው ሆስፒታል ይሠራሉ። እኔ ግን አርቪ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እትዬ ናት። ናፍቆቷ መኪና እስካቆም ድረስ ከጎኔ ተቀምጦ ይሄዳል።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት። ገና ልጅ ሳለሁ በሱዳን በኩል ወጥታ ጀርመን ገባች፤ እኔ አድጌ በሌላ በኩል ኦክላንድ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ እህትማማችነታችን በስልክ ሆነ። ሄጄ የጠየቅኳት ጊዜ ሁሉ እሷ ለእኔ ስትንደፋደፍ፣ እንግዳ ሲገባ እንግዳ ሲወጣ፣ ሳንጫወት የመመለሻዬ ቀን ይደርሳል። እኔ የምፈልገው ድስትና እንግዳ በሌለበት፣ አንድ ጣሪያ ሥር ከእሷ ጋር መሰንበት ነበር። እሷም የራሷ ምኞት ነበራት። ከምትኖርበት ከተማ ሆነው ቀኑ ሲጠራ ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። ከተራሮቹ ማዶ ባሕር አለ። በሥራ ዘመኗ ጊዜ አጥታ አልተሻገረችም፤ ጡረታ ስትወጣ ደግሞ ጉልበቷ ከዳትና ባለ ሞተር ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መላውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። የትራክ ሹፌር ነው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ሳን ሆዜ ያደርሳል። ጀርመን ሄደን ትልቅ አርቪ እንከራይ፣ ወንበሯን የሚያነሳ ሊፍት ያለው ይሁን፣ ሦስታችን ተራራውን ተሻግረን ባሕር እናሳያት አለ። ልጃችን ስትሰማ ሳቀች። በእንግሊዝኛዋ፣ እዚህ ሰው ቤት ሲያጣ የሚገባበትን እናንተ ቬኬሽን ብላችሁ ከፍላችሁ ልትገቡበት ነው ወይ አለችን።

መሄዳችን ሐበሻው በሚሰባሰብበት ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ሲሰማ ደግሞ አደራው ጎረፈ። አንዷ ለእህቷ፣ አንዱ ለአጎቱ ልጅ፣ «ይቺን ብቻ» እያሉ ያመጡት ሳሎናችንን ሞላው። ባለቤቴ የእጅ ሚዛኑን አወጣ። ሐበሻ ቤት ምን ቢጠፋ የሻንጣ ሚዛን አይጠፋም። በርበሬው ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ተዘዋወረ፣ ሽሮው ጃኬት ኪስ ውስጥ ገባ፣ ከባዱ ጫማ እግር ላይ ተጫማ። ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክከን፣ ሻንጣ ከፍተን፣ ኪሎ ያልቀነስን ማን አለ? ተጨማሪ ክፍያ ማለት ለእኛ ሻንጣውን ማቅለል ያቃተው ሰው የሚከፍለው ነገር ነው።

ጀርመን ስንደርስ የአከራዩ ሰው ቁልፉን እየሰጠን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳን። ይህ መኪና ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ እንደ ትንሽ መኪና መስታወት ላይ ስቲከር ለጥፎ ማለፍ አይችልም፤ እንደ ጭነት መኪና የሄደበትን መንገድ የሚቆጥር ትንሽ ሳጥን ማስገጠም አለበት። በስዊዘርላንድ በኩል ብትሄዱም ለከባድ መኪና ሌላ ክፍያ አለ አለን። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። የገባው ግን በራሱ ሙያ ነው። እዚህ እኛ ጋ ሀይዌይ ላይ ትራክ ሁሉ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሚዛኑ የሚጠይቅህ የዚያን ቀን ጭነትህን ነው። «ካቀለልነው እኮ ትንሽ መኪና ነው» አለኝ። እኔም የኤርፖርት ተማሪ ነኝና አመንኩት።

እትዬ ቤት ደረስን። ትንሽ ቦርሳዋን አዘጋጅታ፣ ለባሕሩ ብላ የገዛችውን ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ቦርሳው ላይ አድርጋ ትጠብቀን ነበር። ባለቤቴ ከከተማው ዳር ጠጠር የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና ሚዛን መኖሩን ሰማ። ለምኖ ቤቱን ከነጎማው ሚዛኑ ላይ አወጣው፤ ከሦስት ቶን ተኩል አለፈ። ተመልሶ ተጣጣፊ ጠረጴዛውንና ወንበሮቹን አወረደ፣ ከታንከሩ ውሃ አፈሰሰ፣ የተቀባዮቻቸው አድራሻ ያልተገኘ አደራዎችን እትዬ ሳሎን ውስጥ ከመረ። እንደገና አስመዘነ፤ አሁንም በትንሹ አለፈ። እራት ላይ ስለ ኪሎ ብቻ ያወራል። ጋዙ ይሄን ያህል፣ ብርድ ልብሱ ይሄን ያህል ብሎ ሲቆጥር «ወንበሩ ደግሞ ከነባትሪው» አለና ምላሱን ነከሰ። እትዬ እንዳልሰማ ሆና ወጥ ጨመረችለት።

ጠዋት ላይ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ ያለ እኔ ሂዱ አለች። ውሸቷን እንደሆነ ገባኝ፤ ስትዋሽ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ባለቤቴ ደነገጠ። ሳጥኑን እናስገጥማለን፣ የሚከፈለውን እንከፍላለን፣ ስለ እርስዎ ነው የመጣነው እያለ ለመናት፤ ጉልበቷን ሊስም ምንም አልቀረው። እኔም ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። አልተበገረችም።

«እኔ ሰው ላይ ሸክም ሆኜ ባሕር አላይም» አለች። «በሞቴ፣ ሂዱ።»

በሞቴ ካለች በኋላ ምን ይባላል? እኛ ቤት በሞቴ ሲባል የጠገበም ይጎርሳል። የእትዬ ይሉኝታ ከወንበሯም ከባትሪዋም ይከብዳል፤ ያንን አውርዶ የሚያስቀምጥ ግን አልተገኘም። ባርኔጣዋን እጄ ላይ አኖረችና ባሕሩ ዳር አድርጌው ፎቶ እንድልክላት አዘዘችኝ።

ጠጠር ቤቱ ጋ ስንደርስ ሚዛኑ ከሦስት ቶን ተኩል በታች አለ። ባለቤቴ እንኳን ደስ ሊለው አልቻለም። ድንበሩ ላይ የትንሽ መኪና ስቲከር ገዝተን መስታወቱ ላይ ለጠፍን። ተራሮቹ እየቀረቡ መጡ። በስንት ዓመት አንዴ የሚገኝ መንገድ ነበር፤ እኔ ግን ብዙውን ያየሁት በመስኮቱ በኩል የእትዬ ይሆናል ያልነውን ባዶ መቀመጫ አሻግሬ ነው። ባርኔጣውን እዚያ አስቀመጥኩት። መታጠፊያ ላይ እየተንሸራተተ ሲወድቅ እያነሳሁ እመልሰዋለሁ። ማታ ማታ ትንሿ መብራት በርታ፣ ሻይ ፈልቶ፣ ያ የፈለግኩት ጣሪያ ከላዬ ሆኖ፣ የምፈልጋት ብቻ የለችም። ባሕሩ ዳር ደርሰን ባርኔጣውን አድርጌ ፎቶ ተነሳሁ። «እሰይ! እኔ ያየሁት ያህል ነው» የሚል ድምፅ ላከችልኝ። ጠባቧ ሻወር ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ኦክላንድ ሆኜ እንደዚያ ናፍቃኝ አታውቅም።

ስንመለስ ኦስትሪያ ውስጥ የመንገድ ተቆጣጣሪዎች አስቆሙን። አንዲት ወጣት ሴት ስቲከሩን አየች፣ የመኪናውን ወረቀት ጠየቀች። ባለቤቴ ተዝናንቶ ነበር፤ ሚዛን ካላችሁ መዝኑን አላት። ሚዛን አያስፈልግም አለችው። የሚታየው መኪናው እንዲይዝ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ነው፤ እሱም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ባዶም ሆነ ሙሉ ያው ነው። ከባድ ተብሎ ከተመዘገበ ከባድ ነው።

ባለቤቴ ቅጣቱን አልጠየቃትም። «ሌላ ሰው ብንጭንስ? ባለ ሞተር ወንበር ቢኖርስ?» አላት።

ክፍያው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም አለችው፤ የጥያቄው ነገር ግራ ገብቷት አየችን።

ቅጣቱን ከፈልን፣ ሳጥኑን አስገጠምን። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ መንገዱ ላይ በተተከለው ብረት ሥር ባለፍን ቁጥር ጢጥ ይላል። አንዴ ጢጥ ሲል ባለቤቴ «እትዬን ለከንቱ ነው ያስቀረናቸው» አለ። እኔ በሩጫ እትዬ ዘንድ መድረስ ብቻ አማረኝ። መኪናውን ግን በማግሥቱ ጠዋት መመለስ ነበረብን።

ማታ ደርሰን ነገርኳት። ተቀምጣ ሰማችኝ።

«ወንበሬም አይቆጠርም ነበር?» አለች።

«አይቆጠርም፣ እትዬ።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከልቧ ነበር የሳቀችው። ቀጥላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እንግዲያው ጠዋት ስትመልሱት ልሸኛችሁ አለች።

አሁን እትዬ ከአልጋ አትነሳም። የሚረዷት ቤት ገብታለች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የሚይዝላት ሰው ነው። ሄጄ ልያት ስል የሆስፒታሉ ፈረቃ፣ ስችል ደግሞ ሌላ ነገር ይይዘኛል። ባሕሩን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። የምታነሳው ያንን ጠዋት ነው፤ እኔም ፓሎ አልቶ መንገድ ላይ ይዤው የምሄደው እሱን ነው።

ያን ጠዋት ሊፍቱ ወንበሯን ከነእሷ ቀስ ብሎ አነሳት። ከፍ ስትል እንደ ልጅ እጄን ያዘች። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናት፤ ባርኔጣውን አደረገች። አከራዩ በከተማው ሌላ ጫፍ ቢሆንም ቅርብ ነው። እትዬ መሳቢያዎቹን እየከፈተች አየች፣ መጋረጃውን ዳሰሰች፣ ምድጃው ምን ያህል ሰው እንደሚያበላ ጠየቀችኝ። አልጋው የቱ ጋ እንደሆነ ስነግራት፣ እኔና አንቺ እዚህ፣ እሱ እዚያ ብላ ደለደለችን። ቀኑ ጠርቶ ነበር። ተራሮቹ ከከተማው ጣሪያዎች በላይ ወለል ብለው ይታዩ ነበር፤ አይኗን ከእነሱ አላነሳችም።

የአከራዩ በር ከነባንዲራዎቹ ብቅ አለ። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ፍሬቻ አበራ።

«ደረስን እንዴ?» አለች እትዬ።

ባለቤቴ በመስታወቱ አያት። ፍሬቻውን አጠፋ።

«ገና ነን፣ እትዬ» አላትና በሩን አልፎ ነዳ።