ከየኔታ ክንድ የጠፋው ሙቀት

የመሪጌታን እጅጌ ገልጦ ማየት ይገባ ነበር ወይስ ነውር ነው? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ለስላሳ ጥብጣብ ላከችልኝ። ክንድ ላይ ሲታሰር ከገላ ሙቀትና ከውጭው ብርድ ልዩነት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ በተራው ገላን ያቀዘቅዛል። እሷ ያሰበችው መብራት በሌለበት አገር የአረጋውያንን የልብ ምት ለሚከታተል መሣሪያ ነው።

«በላስታ ብርድ፣ አንድ አረጋዊ ክንድ ላይ ሳምንት ለኪልኝ። ካልሠራ እተወዋለሁ» አለችኝ።

መጀመሪያ ራሴ አሰርኩት፤ ሠራ። ከዚያ ለጎረቤቴ ለመሪጌታው፣ ለየኔታ፣ ወሰድኩላቸው። ያሰሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። የኔታ በየጠዋቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ከእጅጌያቸው ሥር ብቅ ባለችው ቀጭን ሽቦ ላይ መለኪያዬን እሰካለሁ።

«ዛሬስ አለሁ?» ይሉኛል።

«ዜሮ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ተዝካሬን ደግሱ። ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ፣ ነፍስ ይማር በዪ እንጂ።»

ሰባቱንም ቀን ዜሮ። ፊደል የቆጠርኩት ከፍ ካልኩ በኋላ ስለሆነ ለቁጥር ያለኝ አክብሮት ልክ የለውም። «በአረጋዊ ገላ ላይ አይሠራም» ብዬ፣ ሠንጠረዥ አበጅቼ፣ ከሥሩ አስምሬበት ላክኩ።

በማግሥቱ ባለቤታቸው ጥብጣቡን መለሱልኝ። በቀይ ቆዳ ተለብጦ ዙሪያውን ጥንቅቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ታዲያ ክንድ ላይ የሚታሰር ነገር ራቁቱን ይታሰራል? ክታቡስ ቢሆን በቆዳ ተሰፍቶ አይደል? የሰው ዕቃ ነው፣ ላብ እንዳያበላሸው ብዬ ነው።»

ስፌቱ ከሠንጠረዤ ያምራል። ቆዳው ግን ሙቀቱንም ብርዱንም ዘግቶበት ከርሟል።

የኔታ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ «በሕይወት አለሁ ማለት ነዋ» አሉ። «እኔማ ልናዘዝ ነበር።»

ሦስት ቀን ለጓደኛዬ ሳልነግራት ቆየሁ። አስምሬ የጻፍኩትን መሰረዝ ጥርስ ከመነቀል ይብስብኛል። በአራተኛው ቀን ጓደኛዬ ደውላ ጥብጣቡን ትታ ሌላ ሥራ ልትጀምር መሆኑን ነገረችኝ።

«ቆይ፣ አትተዪው» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው።» የቆዳውን ነገር፣ አንድ ቀን እንኳ እጅጌውን ገልጬ አለማየቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ከዚያ ሳቋ መጣ።

«በይ ስፌቱን ፍቺና እንደገና ጀምሪ» አለችኝ።

«እትዬ እያዩ?» አልኳት።