ደብተሬ ላይ ያሉት ክቦች

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ማንም አልመታኝም፤ የታሰርኩትም ከብዙዎች ላነሰ ጊዜ ነው። መርማሪው የጠየቀኝም ስለ ፊዚክስ ነበር።

የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለዕረፍት መሐል ሜዳ እናቴ ዘንድ ስሄድ ሞላሌ አጠገብ ፍተሻ ላይ ከመኪና አስወረዱኝ። ደብተሬ ውስጥ ለክፍል የማቀርበው ሥዕል ነበር፤ ክቦች፣ ቀስቶች፣ የመደመር ምልክቶች። ቀስቶቹን በቀይ እስክሪብቶ የሳለልኝ አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ነው። መርማሪው ክቦቹን ቀበሌ፣ ቀስቶቹን መንገድ አድርጎ ያዛቸው። «ነገ ታስረዳኛለህ» አለኝ።

ያስገቡኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ የገብስ አቧራ ይሸታል፤ ብርዱ ከሲሚንቶው ወደ አጥንት ይገባል። ጥግ ላይ የበግ ፀጉር ባናቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከዘመሮ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ሲታጣ በእሱ ፋንታ የተያዙ።

«አንተስ ምን አድርገህ ነው?»

«ሥዕል ይዤ፣ አባባ።»

«የማንን?»

«የኦክስጅን።»

«እሱንም ይፈልጉታል?» አሉና ሳቁ። ነገ ለመርማሪው ማስረዳት እንዳለብኝ ስነግራቸው ጠጋ ብለው፣ «በል መጀመሪያ ለእኔ አስረዳ። እኔ ካልገባኝ እሱም አይገባውም» አሉ።

ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ የተገፈፈ ኦክስጅን በሂሊየም ጋዝ መካከል በፍጥነት ሲያልፍ ከአንዱ አቶም ኤሌክትሮን ነጥቆ እንደሚሄድ ነገርኳቸው።

«በፈጠነ ቁጥር ብዙ ይነጥቃላ?»

«የለም፤ በጣም ሲፈጥን ሳይዘው ያልፋል።»

«ለምን?»

የሸመደድኩትን ደገምኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር።

«ጎረምሳ ሳለሁ ፈረሰኛ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። «በሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆነህ ቆሞ የሚግጥ በግ ማንሳት አትችልም። እጅህ ይነካዋል እንጂ አይዘውም። በጉ አብሮህ ሲሮጥ ግን ላፍ አድርገህ ታነሳዋለህ።»

ልክ ነበሩ። ንጥቂያው የሚበዛው የኦክስጅኑና የኤሌክትሮኑ ፍጥነት ሲቀራረብ ነው።

በማግስቱ ለመርማሪው ይህንኑ ነገርኩት። በጉ ጋ ስደርስ ፈገግ አለ፤ ክቦቹንም ተዋቸው። ቀዩን ቀለም ግን አልተወውም።

«ይህ የአንተ እጅ አይደለም። የማን ነው?»

ወረቀት ገፋልኝ። «ሥዕሉን የሳለልኝ» ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ባዶ ቦታ። «ስሙን ጻፍና ፈርም። ዛሬውኑ እናትህ ጋ ትገባለህ።»

ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ እወዳለሁ፤ ክፍል ውስጥ እጄን ቀድሜ የማወጣው እኔ ነኝ። የጓደኛዬ ስም ምላሴ ላይ ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ያኔ ዓይኔ ደብተሬ ላይ አረፈ። ከግጭቱ በፊት ኦክስጅኑ ላይ ስምንት የመደመር ምልክት አለ፤ ኤሌክትሮን ከነጠቀም በኋላ ስምንት ብዬዋለሁ። አንዱን ሰረዝኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ተሳስቼ ነበር፤ ሰባት ነው የሚሆነው» አልኩና እስክሪብቶውን መለስኩለት።

«ስሙስ?»

«ስም አልጽፍም፣ ጌታዬ።»

መጋዘኑ ውስጥ ሽማግሌው «ገባው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በጉ ገብቶታል።»

ከባናቸው ግማሹን አለበሱኝ።

ከተፈታሁ በኋላ ሥዕሌን ለክፍል ዘግይቼ አቀረብኩ። ጓደኛዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። ስለ ባዶው ቦታ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ውለታ እንዳይመስለው። መምህሩ የፈረሰኛውን ምሳሌ ከየት እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ፣ «ከአንድ አስተማሪ» አልኩ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ገና መጋዘኑ ውስጥ ነበሩ። ነገሩ ያለቀው እኔ በወጣሁ ዕለት አይደለም፤ እሳቸው ወደ ዘመሮ በተመለሱበት ቀን፣ የካቲት አሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ነው።