ለሰባት ቀን የሚጸና ዋጋ

ከምልከው ወረቀት ሁሉ ግርጌ አንድ መስመር አለች፤ «ይህ ዋጋ ለሰባት ቀን ብቻ ይጸናል» ትላለች። ካልጋሪ ውስጥ፣ መጋዘን ከመጋዘን በሚገፋፋበት በደቡብ ምሥራቁ በኩል፣ የማይዝግ ብረት ቱቦ እሸጣለሁ። ሲከፋኝ እጽፋለሁ፣ ሲብስብኝ አነባለሁ፤ ቀን ቀን ግን ሥራዬ ዋጋ መንገር ነው። ለቢራ ጠማቂዎች፣ ለወተት ማቀነባበሪያዎችና ለነዳጅ ኩባንያዎች ያቺን መስመር ብዙ ዓመት ልኬያለሁ። ማንም ተከራክሮኝ አያውቅም። የተከራከረኝ የገዛ ቤተ ክርስቲያኔ ሰበካ ጉባኤ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት እናት እጅ ነው። እትዬ ነው የምንላቸው። እዚህ አገር ሰው የሚጥለው አዲስ የወረደ በረዶ አይደለም፤ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ በግማሽ ቀን ካቀለጠው በኋላ ማታ ተመልሶ የሚረጋው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ስምንት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉት። የእንጨት መደገፊያው በስብሶ ተነቅሏል፤ የተካው ሰው የለም። እትዬ ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ ሲወጡ ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ተንሸራተው ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ጀሶው ከወጣም በኋላ ያ እጅ ኩባያ እንኳ ጨብጦ መያዝ አቃተው።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ራንድል ሰፈር ቤታቸው ስሄድ ቅዳሴውን በስልክ እየተከታተሉ አገኘኋቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰው፣ ሶፋው አጠገብ ቆመው።

«አሁን እኮ በረዶው ሄዷል፣ እትዬ።»

«እግሬ አንዴ ፈርቷል። በረዶው መሄዱን ማን ያስረዳልኝ?» አሉ። «የምይዘው ነገር ስታበጁ እመጣለሁ፣ ልጄ።»

ጉዳዩ ይኸው ነበር፦ አንዲት ሴት የምትይዘው ቱቦ። እንደ ሰማይ የራቀ ነገር አልነበረም።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር መርካቶ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ ኖረው፣ ካልጋሪ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። «አንቺ ብረት ቤት አይደለሽ የምትሠሪው? ፕሮፎርማ አምጪልን» አሉኝ። እኔም አመጣሁ። ደረጃው ላይ ጨው እንደምንበትን፣ ጨው ደግሞ ተራውን የማይዝግ ብረት ሳይቀር እንደሚነክስ ስለማውቅ፣ ጨው የሚቋቋም ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን የተጨመረበትን ውዱን ዓይነት ጻፍኩ። በሁለቱም ጎን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ። ዋጋውን ለማንም በማልሰጠው ቅናሽ፣ ኩባንያው እስከሚፈቅድልኝ ድረስ አወረድኩት። አሁን ሳስበው ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነበር። የሚቀነስ ነገር አላስቀረሁላቸውም።

ጸሎቱ ተደርሶ ስብሰባው ሲጀመር ጋሼ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

«ሰባት ቀን ማለት ምን ማለት ነው? ወተት ነው እንዴ የሚበላሸው?»

ሁሉም ሳቀ።

«ብረቱ አይበላሽም፣ ጋሼ። የሚቀየረው ዋጋው ነው።»

«ማነው የሚቀይረው?»

ይህን ጥያቄ በአጭሩ መመለስ የሚችል ሰው ካለ ደመወዜን ይውሰድ። ሕዝቡ ዋጋ የሚያንረው ስግብግብ ነጋዴ ነው ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ምነው ስግብግብ ሰው በሆነ! ሰው ቢሆን ደጁን እጠና ነበር፣ አማላጅ እልክበት ነበር። የዚህ ቱቦ ዋጋ ግን ደጅም ፊትም የለውም።

እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። ቱቦው ቱቦ ከመሆኑ በፊት ጥቅል ላሜራ ነው፤ ላሜራው ይጎብጥና ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ይበየዳል። ላሜራው ውስጥ ኒኬልና ክሮም አለ። ኒኬሉን አይተውት የማያውቁ ሰዎች በየደቂቃው ይሸጡታል፣ ይገዙታል፤ ማዕድኑ ያለበት አገር መንግሥት ጥሬውን አላስወጣም ያለ ቀን ዋጋው ይዘላል። ፋብሪካው ይህንን በየወሩ ያሰላና ጭማሪ ብሎ በመነሻው ዋጋ ላይ ይደርበዋል። ግዢው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ የካናዳው ዶላር በደከመ ቁጥር የምንከፍለው እኛ ነን። መርከብ አለ፤ ከቫንኩቨር የሚያመጣው ባቡር አለ፤ ጠዋት ተነሥቶ ታሪፍ ጣልኩ የሚል መንግሥት አለ። በሰሜን በኩል ትልቅ የነዳጅ ሥራ ከተጀመረ ደግሞ መደርደሪያችን በሳምንት ባዶ ይሆናል። ትንሽ የሚገዛ ሰው፣ እንደኛ ማለት ነው፣ የመጨረሻው ተሰላፊ ነው።

ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ስለዚህ ሊጨምር ይችላል ነው የምትይው።»

«አዎ።»

«ሊቀንስስ አይችልም?»

በሕይወቴ ውስጥ መዋሸት የነበረብኝ ቅጽበት ቢኖር ያ ነው። ግን ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ሌላኛውን ወገን የመደገፍ አመል አለብኝ።

«ሊቀንስም ይችላል» አልኩ።

«በቃ! እንጠብቃለን!» አሉ ጋሼ፤ ጠረጴዛውን መታ አድርገው።

ከዚያ ሁሉ ንግግሬ ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረች። ምን እያደረጉ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። መርካቶ የተጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ የወሬ መጀመሪያ ነው። «ቁርጡን ንገረኝ» ትላለህ፣ ፊትህን ታዞራለህ፣ ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። አምስት እርምጃ ሳትርቅ «ና እንጂ ወንድሜ! ና ውሰደው!» ይልሃል። ጋሼ ሰበካ ጉባኤውን በሙሉ አስከትለው እንዲህ ቀስ እያሉ እየሄዱ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ እስኪጠራቸው።

በመጀመሪያ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል ተባለ፤ ሁለቱን ሌላ ሰው እስኪያመጣ የእኔው ጊዜው አለፈ። አዲስ ዋጋ ጻፍኩ፤ ጨምሯል። ከዚያ ጾም ገባ፣ ስብሰባ ተላለፈ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ለልጃቸው ሠርግ አገር ቤት ሄዱ፣ እሳቸው ሳይኖሩ አይወሰንም ተባለ። በየመሐሉ ዋጋ እጽፋለሁ፤ አንዴ በኒኬሉ፣ አንዴ በዶላሩ፣ አንዴ በታሪፉ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ቀነሰ። ጋሼ በደስታ ደወሉልኝ።

«አየሽ? ጀመረ! ትንሽ እንታገሠው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ይግዙ።»

«አንቺ ልጅ፣ ኮሚሽን አለሽ እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁና መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መሪው ላይ ጮኽኩበት። በሚቀጥለው ሳምንት የዚያን ልክ ቱቦ አንድ ትልቅ ሥራ ተቋራጭ ጠራርጎ ወሰደው።

ብየዳውን በነጻ እሠራለሁ ያለው የፋልከንሪጅ ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን መዘምር። በየሳምንቱ አጥር ላይ ይጠብቀኛል።

«እህቴ፣ ማሽኔን ላውጣ ወይስ እናንተ ገና ሱባኤ ላይ ናችሁ?»

«ዝም በል። እትዬ አንተ የበየድከውን ይዘው ይወጡ እንደሆነም አላውቅም።»

«ይውጡ ግዴለም። ሲደርሱ ሃሌሉያ ካሉ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መስከረም አልቆ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። ለመደገፊያው የተዋጣው ገንዘብ ያው ነበር፤ በሚያዝያ ሁለቱን ጎን ያደርስ የነበረው ግን አሁን የሚያደርሰው አንዱን ብቻ ሆነ፣ ያውም ያልተወለወለውን። ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ጋሼ «ግማሽ ሥራ ያሳፍራል፤ ለጸደይ ሙሉውን እናደርገዋለን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ወጣሁና በቀጥታ ወደ ራንድል ነዳሁ።

እትዬ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፍነው መሬቱ ላይ እግራቸውን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አደረጉ፤ ግራ እጃቸው አየር ጨበጠ።

«ስወጣ በግራዬ በኩል አድርጉልኝ» አሉ።

«ሲወርዱስ? ሲወርዱ እኮ በቀኝዎ ይሆናል፤ በማይጨብጠው እጅ።»

«የመውረዱን እኔ አውቃለሁ።»

በማግስቱ ለቀረው አጀንዳ በተሰበሰቡበት ሳልጋበዝ ገባሁ። ጋሼን አንቱታዬን ሳላጎድል እንዲህ አልኳቸው፤ «እንደ መርካቶ ገዢ ስድስት ወር ሙሉ ጥለው ሄዱ። ዞር ብለው ይዩ። ማንም አልጠራዎትም። የሚጠራም ሰው እዚያ የለም። እትዬ ግን አሁንም ቆመው እየጠበቁ ነው።» ጋሼ ወረቀቷን አንሥተው አዩ። እንደ ነጋዴ ሳይሆን የፈለገው ዕቃ ለሌላ እንደተሸጠበት ሰው።

«ስንተኛ ቀኑ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አምስተኛው።»

«ግዢው።»

ጎረቤቴ ቅዳሜ በየደው። ሳይወለወል ግራጫ ሆኖ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ያልተጨረሰ ቤት የመሰለ። እሑድ እትዬ መጡ። በግራ እጃቸው ቱቦውን ይዘው ስምንቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወጡ፤ ከላይ ደርሰው ብረቱን ሳሙት። ጋሼ አጠገቤ ቆመው «አየሽ፣ አንዱም ይበቃ ነበር» አሉ። ቅዳሴ ነውና ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መልሰው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ በዚያችው በግራ እጃቸው ቱቦውን ጨብጠው ወደ ኋላ መውረድ ጀመሩ። ከኋላ የነበረው ሕዝብ እጅግ ተነካ። ለመቅደሱ ጀርባ ላለመስጠት ነው ብሎ አንዱ ለአንዱ ተንሾካሾከ፤ ሁለት ሴቶች እሳቸውን አይተው እነሱም ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዞሩ፤ ሰልፉ ቆመ፤ ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ከታች ሆኜ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዣለሁ፤ እግራቸው እያንዳንዱን ደረጃ ሳያይ ሲፈልግ፣ ሲስት፣ ሲያገኝ አያለሁ።

አምስተኛው ላይ አረፍ አሉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ልጄ፣ ሌላኛው ጎን መቼ ነው?»

ወደ ላይ ቀና አልኩ። ጋሼ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደኔ ያያሉ፤ ያቺ የድሮዋ «ሊቀንስስ አይችልም?» ገና ከአፋቸው ሳትወጣ ገባችኝ።

«ነገ ዋጋ እጽፋለሁ፣ እትዬ» አልኩ። «አሁን እግርዎን ወደኔ። ሦስት ቀርቷል።»